ከላሜራ ፋብሪካ የወጣ ክስ፦ የብላክ ሳባት ሙዚቃና የበርሚንግሃም ሠራተኛ መደብ

ሄቪ ሜታል የተሰኘው የሙዚቃ ስልት በብዙዎች ዘንድ የሚታወቀው በኃይለኛ ድምፁና የሰይጣንን ስም በማንሣቱ ነው። የስልቱ ፈር ቀዳጅ ተደርጎ የሚቆጠረው ብላክ ሳባት የተባለው ባንድ እ.ኤ.አ. በ1970 ያወጣውን ሁለተኛ አልበም በጥሞና ያደመጠ ሰው ግን፣ ግጥሞቹን አብዝቶ የሚያሳስባቸው ሰይጣን ሳይሆን ሥልጣን መሆኑን ይረዳል። ይህ አጭር ጽሑፍ ያ ማኅበራዊ ሂስ ከምን ዓይነት ኑሮ እንደ በቀለ ያመለክታል።

አራቱ የባንዱ አባላት ያደጉት በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ከተማ፣ አስተን በተባለው የሠራተኞች ሰፈር ነው። ከተማይቱ የብረታ ብረት ሥራ ማዕከል በመሆኗ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በጀርመን አውሮፕላኖች ተደብድባ ከ2,000 በላይ ነዋሪዎቿን አጥታለች። ከጦርነቱ በኋላ ለተወለደው ለዚህ ትውልድ የተዘጋጀለት ዕጣ ፋብሪካ ነበር። ድምፃዊው ኦዚ ኦዝቦርን በቄራ ሠርቷል። ጊታር ተጫዋቹ ቶኒ አዮሚ ደግሞ በ17 ዓመቱ በላሜራ ፋብሪካ ሲሠራ ማሽን የቀኝ እጁን የሁለት ጣቶች ጫፍ ቆረጠው። ግራኝ በመሆኑ አውታሮቹን የሚጫነው በዚያው በተጎዳው እጅ ነበር። ፕላስቲክ አቅልጦ ለጣቶቹ ቆብ ሠራ፤ ቀጫጭን አውታሮችንም መረጠ። በ1971 በወጣው ሦስተኛ አልበም በአንዳንድ ዘፈኖች ላይ የጊታሩን ቅኝት ዝቅ ሲያደርግ፣ አውታሮቹ ላሉ፤ ድምፁም ይበልጥ ከበደ። ስለዚህ የፋብሪካው አሻራ ከግጥሙ አስቀድሞ በድምፁ ውስጥ ይሰማል።

የግጥሞቹ ዋና ደራሲ ጊዘር በትለር ነበር። «ዎር ፒግስ»፣ ማለትም «የጦርነት እሪያዎች»፣ የተሰኘው ዘፈን የተሠራው በቬትናም ጦርነት ዘመን ነው። ብሪታንያ ወደ ቬትናም ጦር አልላከችም፤ ወጣቶችን በግዴታ ለውትድርና መመልመልም በ1960 አቁማለች። ዘፈኑ ግን የሚጠይቀው ማን ዘመተ ብሎ ሳይሆን ማን ወሰነ፣ ማንስ ሞተ ብሎ ነው። ጦርነትን የሚያውጁት ከቤታቸው እንደማይወጡ፣ የሚማገደው የድኻ ልጅ እንደ ሆነ ይከስሳል። ፍጻሜው የፍርድ ቀን ነው፤ ኃያላኑ በእግዚአብሔር ፊት ይቆማሉ። አየርላንዳዊ የዘር ሐረግ ባለው የካቶሊክ ቤተሰብ ውስጥ ላደገው በትለር ይህ ሥዕል ባዕድ አልነበረም።

የቅኔ ባህል ያለው አንባቢ እዚህ ላይ ሰምና ወርቅ ይፈልግ ይሆናል። ነገር ግን ዘፈኑ ወርቁን አይደብቅም፤ ጄኔራሎቹን ከጠንቋዮች ጉባኤ ጋር በግልጽ ያነጻጽራል። ሰይጣኑ ማነጻጸሪያ ነው፤ የሚወገዘውም ሰው ነው። በዚያው አልበም ውስጥ የሚገኘው «ሃንድ ኦቭ ዱም» ደግሞ ከቬትናም ተመልሶ በሄሮይን ሱስ የሚጠፋውን ወታደር ያነሣል። ጦርነት ሰላም ከተባለ በኋላም እንደሚገድል የሚያስገነዝብ ነው።

ከዚህ የምንማረው የአንድን ሙዚቃ ጭብጥ በሽፋን ሥዕሉና በስሙ ብቻ መመዘን እንደማይገባ ነው። ድምፁ ጆሮን ቢያስጨንቅም፣ የያዘው ክስ የሠራተኛው ልጅ ሕይወት ዋጋ አለው የሚል ነው።