ዘርዓ ያዕቆብን ማመን ወይስ መመርመር?

ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 እ.ኤ.አ. የካቶሊክን እምነት በይፋ ተቀበሉ። አራት ዓመት ቆይቶ ፓትርያርኩ አፎንሶ ሜንዴዝ ባሉበት ለሮም መሐላ ተፈጸመ። ካህናትና ገበሬዎች አመፁ፤ ብዙ ደም ፈሰሰ። በ1632 ንጉሡ ራሳቸው ሕዝቡ ወደ ቀድሞ ሃይማኖቱ እንዲመለስ ፈቀዱ።

«ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ» የተባለው የግዕዝ መጽሐፍ ታሪኩን የሚተርከው በዚህ ዘመን ላይ ቆሞ ነው። ተራኪው የአክሱም መምህር ነው። ለንጉሡ ተከስሶ ይሸሽና ሁለት ዓመት በዋሻ ይኖራል። እዚያ ሆኖ የሚያነሳው ጥያቄ ዛሬም አልተመለሰም፦ ሁሉም «እውነተኛው የእኔ ሃይማኖት ነው» ካለ ዳኛው ማን ይሁን? ከባላጋራዎቹ አንዱ ዳኛ ሊሆን አይችልምና ፈጣሪ ለሰው ሁሉ የሰጠውን ልቡና ይመርጣል። በዚህ ሚዛን ምንኩስናን፣ ጾምን፣ ከአንድ በላይ ማግባትን፣ ሰው መሸጥን ይመዝናል። ፈጣሪን ግን አይክድም። እኔ ከወላጆቼ ተወለድኩ፣ እነሱም ከወላጆቻቸው፤ ይህ ሰንሰለት ያልተፈጠረ አንድ መነሻ ሊኖረው ይገባል ብሎ ይሟገታል። እምነቱ ያለ ምክንያት የቆመ አይደለም።

አሁን ወደ እኛ እንምጣ። መጽሐፉ ወደ አውሮፓ የደረሰው በ1850ዎቹ፣ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለ ጣሊያናዊ ሚስዮናዊ ፓሪስ ለነበረው ለአንቷን ዳባዲ ልኮት ነው። በ1920 ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ «የጻፈው ራሱ ሚስዮናዊው ነው» አለ። በ1970ዎቹ ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ክላውድ ሰምነር ጽሑፉን መርምሮ ኢትዮጵያዊ ነው ሲል ተከላከለ። ክርክሩ እስካሁን አልተዘጋም።

የእኛ ክርክር ግን ብዙውን ጊዜ ምርመራ የለበትም። አንዱ ወገን «የእኛ ስለሆነ እውነት ነው» ይላል፤ የተጠራጠረውን ባንዳ ያደርገዋል። ሌላው «አበሻ እንዲህ ሊያስብ አይችልም» ከሚል ንቀት ይነሳል። ሁለቱም ማስረጃውን ሳያዩ የፈረዱ ናቸው። ማስረጃ ማለት የብራናው ታሪክ፣ የግዕዙ አጻጻፍ፣ የሚስዮናዊው ደብዳቤዎች ናቸው፤ ኩራትም ንቀትም በዚህ ውስጥ ድምፅ የላቸውም።

ደራሲው ማንም ይሁን፣ የዋሻው ጥያቄ ክብደቱ አይቀንስም። «የአባቶቼ ስለሆነ እውነት ነው» የሚለውን አላምንም ያለን ሰው «የአባቶቼ ስለሆነ» ብቻ ማመን ግን መጽሐፉን ሳያነቡ ማወደስ ነው። እናንተስ ምን ትላላችሁ?