የተማሪ ቁራሽ

እማማ እንጀራ በጋገረች ቁጥር አንዷን ታጥፍና ከመሶቡ ጥግ ለይታ ታስቀምጣት ነበር። «የተማሪ ቁራሽ ናት፤ እንዳትነኳት» ትለናለች። ረፋድ ላይ ከአጥሩ ማዶ «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚል ድምፅ ሲሰማና ውሻው ሲጮህ፣ ቁራሿን ይዤ የምሮጠው እኔ ነበርኩ። በሩ ላይ የሚጠብቀኝ ደበሎ የለበሰ፣ አኮፋዳ ያነገተ፣ ዕድሜው ከእኔ ብዙም የማይርቅ ልጅ ነው። መርቆኝ ሲሄድ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ትምህርቱን እየቀጸለ ነው።

አያቴ የአቋቋም መምህር ነበሩ። ደብረ ታቦር አጠገብ ባለች መንደር ለተማሪዎቻቸው የኔታ፣ ለእኛ ለልጅ ልጆቻቸው አባባ ነበሩ። በዓል ሲሆን ሌሊቱን ማሕሌት ቆመው ያድራሉ። በአዘቦት ቀን ጠዋት ጉባኤ ይዘረጋሉ፣ ከሰዓት በኋላ ከበሬዎቻቸው ጋር ይውላሉ፣ አመሻሽ ላይ ብራና ይፍቃሉ። ስድስት ልጆችም አሳድገዋል። እኔ የታሪክ መምህርት ሆኜ፣ ቀን አስተምሬ፣ ማታ ተምሬ፣ ልጆች አሳድጌ፣ ሰንበትን ቤተ ክርስቲያን ስሜ ስመለስ፣ የምወደው ጥልፌ ዓመት ሙሉ ሳይነካ ሲቀር ሁልጊዜ የሚታወሱኝ እሳቸው ናቸው። እንዴት ቻሉት? ለረጅም ጊዜ መልሱ የእሳቸው ብርታት ይመስለኝ ነበር። የአብነት ትምህርትን ታሪክ እያነበብኩ፣ ያደግኩበትንም ቤት እያስታወስኩ ስሄድ ግን ሌላ መልስ አገኘሁ።

የአብነት ትምህርት መንገዱ ረጅም ነው። ከፊደል ይጀመራል፤ መልእክተ ዮሐንስ ይነበባል፤ 150ው መዝሙረ ዳዊት ይደገማል። ከዚያ ተማሪው የሚሻውን ትምህርት ፍለጋ አገር ላገር ይዞራል፦ ለድጓ ጋይንት ቤተልሔም፣ ለዝማሬ መዋሥዕት ዙር አምባ፣ ለቅኔ ጎጃም ዋሸራና ጎንጅ ወይም ወሎ ዋድላ፣ ለአቋቋም ጎንደርና ደብረ ታቦር። ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው መቶ ዘመን ደረሰው የሚባለው ዜማ ከግዕዙ፣ ከዕዝሉና ከአራራዩ ጋር እስከ ዛሬ የደረሰው በእነዚህ ጎጆዎች በኩል ነው።

ብራና ውድ፣ መብራትም ብርቅ ስለ ነበር ብዙው ትምህርት የቃል ነው፤ ሌሊት በጨለማ ይጠናል። አፍ ሲቀጽል ደግሞ እጅ ሥራ አይፈታም። የአባባ ተማሪዎች ከሰንበሌጥ ጥላና ባርኔጣ እየሰፉ፣ የገበሬውን የተቀደደ ልብስ እየጠገኑ ያጠኑ ነበር፤ ከገበያ የሚያገኟት ሳንቲም ለጨውና ለሳሙና ትሆናለች። አባባም የፍየሉን ቆዳ ውኃ ውስጥ አሰንብተው፣ በእንጨት ክፈፍ ወጥረው፣ ሥጋና ፀጉሩን ሲፍቁ አንድ ተማሪ ሁልጊዜ አጠገባቸው ተቀምጦ ይቀጽላል። ልጁ ከሳተ መፋቂያው ይቆማል። አባባ ቃል አይወጣቸውም፤ ልጁ ግን ያውቃል፤ ተመልሶ ያስተካክላል፤ መፋቂያውም ይቀጥላል።

ዛሬ «የትርፍ ጊዜ ዝንባሌ» የምንለው ነገር ለእነሱ ትርፍ አልነበረም። የቅኔ ተማሪ ለቆጠራ ዛፍ ሥር ብቻውን ተቀምጦ የሚያመነዥገው ግጥም ትምህርቱም፣ ጥበቡም፣ ጸሎቱም ነው። በሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ጀምሮ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ላይ እስኪደርስ በየቀኑ አዲስ ይቆጥራል፤ ለመምህሩ ነግሮ ይታረማል። የትናንቱን ዛሬ መድገም አይፈቀድለትም።

ጥበብና እምነት እንዲህ አንድ ለመሆናቸው ሌላው ምሳሌ በ19ኛው መቶ ዘመን የኖሩት አለቃ ገብረ ሐና ናቸው። ሕዝብ የሚያስታውሳቸው በቀልዳቸው ሲሆን ሊቃውንቱ የሚያስታውሷቸው በዝማሜያቸው ነው። እንደሚነገረው የጣናን ሞገድና የደንገሉን ውዝዋዜ እያዩ አዲስ የመቋሚያ አነሣሥ አወጡ። ያንን ተቀብሎ ያስተማረው ልጃቸው ተክሌ ነው፤ ስልቱም በስሙ «የተክሌ አቋቋም» ተባለ፣ ደብረ ታቦርም መቀመጫው ሆነች። አባት ለልጁ ያወረሰው ጥበብ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ሆኖ ቀረ። አባባ ለማሕሌት ሲቆሙ ይወዛወዙ የነበረው በዚያው ስልት ነበር።

የተከፈለውን ዋጋ ግን መደበቅ አልሻም። ብዙው ተማሪ ከቤቱ የወጣው ሌሊት፣ ሳይሰናበት ነው። አባት ሞፈር እንዲይዝለት የሚጠብቀው ልጅ ወንዝ ተሻግሮ ይጠፋል፤ እናት በሕይወት ይኑር አይኑር ሳታውቅ ለዓመታት በር በሩን ታያለች። የእኛን ቤት ስታስተዳድር የኖረችው እማማም አባባ ማሕሌት ባደሩ ቁጥር ከብቱን ታጠጣለች፣ ልጆቹን ታስተኛለች፣ በእንዝርት የፈተለችው ጥጥ የሁላችንም ጋቢ ይሆናል። እኔም ቁራሹን ወደ ደጅ እወስዳለሁ እንጂ ነይ ተቀመጪና ተማሪ ያለኝ ሰው አልነበረም። እርግጥ ጎጃም ውስጥ ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ከአባታቸው ቅኔ ተምረው ለወንዶች ጉባኤ ዘርግተዋል፤ ስማቸውን ስጠራ ኩራት ይሰማኛል። ብዙዎቻችን ግን ከደጃፍ ነበር የምንሰማው። ለእኔ በሩን የከፈተልኝ በ1900 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት የተጀመረው ዘመናዊ ትምህርት ነው።

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ የ11 ዓመት ልጅ ነበርኩ። መሬት ለአራሹ መድረሱ ለብዙ ገበሬ እፎይታ ነበር። ለአባባ ግን ለማገልገላቸው የተሰጣቸው መሬት ከእጃቸው ወጣ። ቀድሞ በመኸር ተማሪዎቹ ሰብሉን ያጭዱላቸዋል፣ እንጨት ይለቅማሉ፣ ውኃ ይቀዳሉ፤ እሳቸው ደግሞ ያለ ክፍያ ያስተምራሉ። ያ መደጋገፍ ሲላላ በጉባኤው የሚቀመጡት ከሃያ ወደ አምስት ወረዱ። አባባ ያው አባባ ነበሩ፤ ዕውቀታቸውም ሆነ ትጋታቸው አልቀነሰም። ሆኖም ብራናውን ተዉት፤ ጊዜ አጡ። ያን ጊዜ ልጅ ስለ ነበርኩ ያረጁ መስሎኝ ነበር።

ዛሬ የማስበው እንዲህ ነው። አባባ ትምህርትን፣ ጥበብን፣ እምነትንና ቤተሰብን አንድ ላይ የያዙት ብቻቸውን አልነበረም። በእያንዳንዱ ቤት ተለይታ የምትቀመጥ ቁራሽ፣ በማሳው ላይ የተማሪ ማጭድ፣ በቤት ውስጥ የእማማ እንዝርት ነበረ። የሁሉም እጅ ሲኖር አንድ ሰው ለሁሉም ይደርሳል። እኛ ያንን እጅ አንስተን፣ «ጊዜሽን አብቃቂ» እየተባባልን እያንዳንዳችንን ብቻችንን እንወቅሳለን።

ይህን ሳስብ አዲስ አበባ ማታ እማር በነበረበት ዘመን አንዲት ጎረቤቴ ልጆቼን እራት እያበላች ታቆይልኝ እንደነበር ትዝ አለኝ። ከትምህርት ስመለስ ልጆቼ ሶፋዋ ላይ ተኝተው፣ ለእኔም በሰሃን የተከደነ ምግብ ይጠብቀኛል። ድግሪዬን ስቀበል በራሴ ብርታት ያገኘሁት ይመስለኝ ነበር። ለካ እኔም የተማሪ ቁራሽ ተቀምጦልኝ ኖሯል።

ያለፈው ዐቢይ ጾም ከገባ ጀምሮ መርፌና ክሬን አወጣሁ። ማታ ማታ ትንሽ ትንሽ እየጠለፍኩ የመሶብ ልብስ ሠራሁ፤ ጠርዙ ላይ መስቀል፣ መሐሉ ላይ የስንዴ ዛላ። ለፋሲካ ለዚያች ጎረቤቴ ይዤላት ሄድኩ። አሁን አርጅታለች። መሶቧን አስመጥታ እዚያው አለበሰችው።