የእጅ ሻንጣ (በአየር ጉዞ)

የእጅ ሻንጣ መንገደኛ ይዞት ወደ አውሮፕላን የሚገባው ጓዝ ነው። በኢትዮጵያ አየር መንገድ የኢኮኖሚ ክፍል አንድ ሻንጣ ይፈቀዳል፤ ክብደቱ ከ7 ኪሎ ግራም፣ መጠኑም ከ55 በ40 በ23 ሴንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም።

ከካፋዋ ቦንጋ የሚነሳ መንገደኛ አውሮፕላን የሚሳፈረው በመኪና ጅማ ወይም አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ ስለሆነ፣ የእጅና የጭነት ጓዙን ከቤቱ ለይቶ ማሰናዳት ይጠቅመዋል። ፓስፖርት፣ የሚወሰድ መድኃኒት፣ ስልክና ላፕቶፕ ከእጅ አይለዩም።

ፓወር ባንክ በጭነት ሻንጣ ፈጽሞ አይገባም። በውስጡ ያለው የሊቲየም ባትሪ ሲጎዳ ወይም ሾርት ሲያደርግ በእሳት ሊያያዝ ይችላል፤ በመንገደኞች ክፍል ከሆነ የበረራ አስተናጋጆች ቶሎ ይደርሱበታል። ያለ ልዩ ፈቃድ የሚያዘው እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለው ነው፤ ከ160 በላይ የሆነው ክልክል ነው። 20,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት የተጻፈበት ፓወር ባንክ በ3.7 ቮልት ሲሰላ 74 ዋት ሰዓት ስለሚሆን ያልፋል።

የካፋ ማር በፍተሻ እንደ ፈሳሽ ይቆጠራል። በብዙ ዓለም አቀፍ በረራዎች ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ በሚይዝ ዕቃ በእጅ ስለማይያዝ፣ ክዳኑ በደንብ ታሽጎና በፕላስቲክ ተጠቅልሎ በጭነት ይላካል። የተቆላ ቡና ግን ደረቅ በመሆኑ የፈሳሽ ገደቡ አይመለከተውም።