ጸበሉም ክኒኑም

የዛሬውን ወጋችንን በጭስ እንጀምር። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን አዲስ አበባ ጭስ በጭስ ትሆናለች። የየሰፈሩ ልጅ ቆሻሻውን ጠርጎ ይከምርና እሳት ይለኩስበታል። ቀኑ የቅዱስ ሚካኤል ዓመታዊ በዓል ስለሆነ በየቤተ ክርስቲያኑ ደግሞ ዕጣን ይጤሳል። «ኅዳር ሲታጠን» የምንለው ይህንኑ ነው። ልጆች ሳለን ከእሳቱ ጨዋታ ሌላ ትርጉም አይታየንም ነበር። ዛሬ ስናስበው ግን አያቶቻችን በሽታ ሲመጣ ምን ያደርጉ እንደነበር የሚነግረን ቀን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1911 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ አገራችን ገባ። ሕዝቡ «የኅዳር በሽታ» አለው። በአዲስ አበባ ብቻ የሞተው ሰው ወደ 10 ሺህ እንደሚደርስ ይገመታል። ያኔ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪም ታመው በእግዚአብሔር ቸርነት መትረፋቸውን በሕይወት ታሪካቸው ጽፈውታል። ኅዳር የሚታጠነው ከዚያ እልቂት ጋር ተያይዞ ነው። ጭስ ቫይረስ እንደማይገድል ዛሬ እናውቃለን (ሳንባችንን እንደሚጎዳም ጭምር)። ሰዎቹ ግን ወደ ሚካኤል እየጸለዩ ሰፈራቸውን ይጠርጉ ነበር። አንዱ ሌላውን ከለከለ ያለ አልነበረም።

እስቲ ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ። እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በደብረ ብርሃን ሳሉ ቸነፈር ከተማዋን መታት። ንጉሡ በዚህ ምክንያት የቅዱስ ቂርቆስን ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፤ በሰማዕቱ ቃል ኪዳን ቸነፈሩ ይርቃል ብለው አምነው ነበርና። በዚያ ዘመን ለቸነፈር የሚሆን ሌላ መድኃኒት የትም አገር አልነበረም። ስለዚህ የያዙትን ብቸኛ ነገር ይዘው ቆሙ፤ እኛም ልንፈርድባቸው አንችልም።

ዐፄ ምኒልክ ዘመን ስንደርስ ግን ሁለት በር ተከፍቷል። ከዐድዋ ጦርነት በኋላ የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች መጥተው አዲስ አበባ ላይ ሕክምና ሰጡ፤ በኋላም በንጉሠ ነገሥቱ ስም የሚጠራው ሆስፒታል ተቋቋመ። ምኒልክ ራሳቸው በታመሙ ጊዜ የአውሮፓ ሐኪሞች አይተዋቸዋል፤ ፈውስ ፍለጋም ደብረ ሊባኖስ ጸበል ወርደዋል። ንጉሡ ለሐኪም እጃቸውን ስለሰጡ እምነት አጡ ያላቸው፣ ጸበል ስለወረዱ ኋላ ቀር ያላቸው ይኖር ይሆን? አይመስለንም።

ታዲያ «ወይ ጸበል ወይ መድኃኒት» የሚለው ነገር ከየት መጣ? ከመጽሐፍ ቅዱስ እንዳይባል እዚያ የምናነበው ሌላ ነው። ንጉሥ ሕዝቅያስ ለሞት ታሞ አልቅሶ ጸለየ፤ 15 ዓመትም ተጨመረለት። ነቢዩ ኢሳይያስ ግን የበለስ ጥፍጥፍ በቁስሉ ላይ አስደረገለት። ቤተ ክርስቲያናችን ከቅዱሳት መጻሕፍት የምትቆጥረው መጽሐፈ ሲራክም ሐኪምን አክብሩ፣ እርሱንም መድኃኒቱንም የፈጠረ እግዚአብሔር ነው ይላል። ወንጌላዊው ሉቃስ ሐኪም ነበር። ከሁሉ የሚገርመን ደግሞ ጳውሎስ ነው። በሰውነቱ ላይ የነበረ ጨርቅ እንኳ ሕመምተኛ የፈወሰለት ሐዋርያ ለጢሞቴዎስ የሆድ ሕመም ጥቂት ወይን ጠጅ አዘዘ፤ ጥሮፊሞስንም ታሞ ሳለ ሚሊጢን ትቶት ሄደ። የራሱ መውጊያ እንዲነሣለት ሦስት ጊዜ ለምኖ አልተነሣለትም። እምነት ጎድሎት ነው የሚል ካለ እጁን ያውጣ!

የእኛ ትውልድ ፈተና ኤች አይ ቪ ነበር። የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን በአገራችን የታወቁት በ1978 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ ለረጅም ዓመታት መድኃኒት ስላልነበረ እንጦጦና ሌሎች የጸበል ቦታዎች የሕሙማን መጠጊያ ሆኑ። ይህን ውለታ መካድ ነውር ነው። ከቤት የተባረረ፣ ከሥራ የወጣ፣ ዘመድ የሸሸው ሰው ከጸበል ቦታ አልተባረረም። እዚያ ስሙን የሚጠራው፣ አብሮት የሚያስቀድስ ወገን አገኘ።

ችግሩ የመጣው መድኃኒቱ ሲመጣ ነው። ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በ1995 በክፍያ፣ በ1997 ዓ.ም. ደግሞ በነጻ መሰጠት ጀመረ። በዚህ ጊዜ አንዳንድ አጥማቂዎች «ክኒን የሚውጥ በጸበሉ አላመነም» ማለት ጀመሩ። በአንዳንድ የፈውስ ጉባኤዎችም «ድኛለሁ ብለህ መስክር፣ መድኃኒቱን ተው» ይባል ነበር። መድኃኒቱ ደግሞ ቫይረሱን ከሰውነት አያጠፋም፤ አዳክሞ ይይዘዋል እንጂ። የሚሠራውም በየቀኑ ሳይቋረጥ ሲወሰድ ነው። ካቋረጡት ቫይረሱ ተመልሶ ይባዛል፤ መድኃኒቱንም ሊለማመደው ይችላል። በሰፈራችን ክኒኗን ትታ ጸበል የገባች ወጣት እናት እናስታውሳለን። ልጇን ዛሬ የምታሳድገው አያቷ ናት። እናትየዋ እምነት አልጎደላትም፤ ይልቁንም የነገሯትን ሁሉ አምና ነው የሞተችው።

በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጸበልና መድኃኒት እንደማይጣሉ፣ ሕሙማንም ሁለቱንም እንዲወስዱ በአደባባይ ተናገሩ። ለሐኪሙ ይህ አዲስ ነገር አይሆንም፤ ለጸበልተኛው ግን እፎይታ ነበር። ተደብቆ ይውጥ የነበረው ሰው ያለ ኃፍረት መዋጥ ቻለ። ክኒናቸውን በጸበል የሚያወራርዱም ነበሩ። ሁለት ሺህ ገጽ ክርክር ያልፈታውን እነዚህ ሰዎች በአንድ ጉንጭ ፈቱት።

በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲመጣም ያው ጥያቄ ተመልሶ መጣ። የዚያን ዓመት ፋሲካ አብዛኛው ምእመን ቤቱ ሆኖ በቴሌቪዥን አስቀደሰ። ቅር ያለው ብዙ ነበር፤ እኛም ከፍቶን ነበር። ሆኖም በር ዘግቶ መጸለይም ጸሎት መሆኑን ያን ጊዜ ተማርን።

ታሪካችንን ስናገላብጥ ያገኘነው ይህን ነው፤ በልጦ ለመታየት መድኃኒት የሚያስጥል እምነት የአያቶቻችን አይደለም። እነርሱ መድኃኒት ሲያጡ በጸሎት ጸኑ፤ ሲያገኙ ደግሞ ተመስገን ብለው ወሰዱ። ስለዚህ ጸበል የሚወርድ ዘመድ ያላችሁ አትከልክሉት። ውኃውን የሚይዝበትን ጀሪካን ስታቀብሉት ግን ክኒኑን ይዞ እንደሆነ ጠይቁት።

ለታመሙት ሁሉ ምሕረቱን ይላክልን። ቸር እንሰንብት።