የጤና መድንና የሐኪም ገቢ በገራዶና በደሴ ዙሪያ

በሌላው የአገሪቱ ክፍል ዕድር የሚባለው፣ በወሎ ግን ቅሬ ተብሎ የሚታወቀው የመረዳጃ ማኅበር፣ በደሴ አቅራቢያ ባለችው ገራዶና በአጎራባች ቀበሌዎች ከቀብር ባሻገር ሕመምተኛን በቃሬዛ ተሸክሞ ደሴ የማድረስ ግዴታ በአባላቱ ላይ ይጥል ነበር፤ ሸክሙን ቅሬው ሲጋራ፣ የሕክምናው ዋጋ ግን የቤተሰቡ ዕዳ ሆኖ ይቀር ነበር።

ሕመምተኛውን የሚያክመው የመንግሥት ሐኪም በበኩሉ የሚተዳደረው ሕመምተኛው በዛም አነሰም በማይለወጥ ደመወዝ ነው። የ1985 ዓ.ም. የጤና ፖሊሲ ለግል ባለሀብቱ በሩን ከከፈተ በኋላ ግን፣ ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ የግል ክሊኒኮች ተበራክተው፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ በዚያ መሥራት ደመወዝን መደጎሚያ ሆነ። በኋላም በጤና ፋይናንስ ማሻሻያው መሠረት ሆስፒታሎች ከታካሚ የሚሰበስቡትን ገንዘብ፣ ማለትም የውስጥ ገቢያቸውን፣ ለራሳቸው አገልግሎት ማዋል ጀመሩ፤ የግል ክንፍ የተባለው፣ ሐኪሙ በትርፍ ሰዓት ከፋይ ታካሚን አክሞ ድርሻ የሚያገኝበት አሠራርም ከዚሁ ማሻሻያ የመጣ ነው።

ያንን የቤተሰብ ዕዳ በጋራ ለመሸከም የታሰበው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር፣ ከአማራ ክልል ከፎገራና ከደቡብ አቸፈር ጋር የተመረጠችው የደሴ ጎረቤት ተሁለደሬ ነበረች። አባወራው በዓመት ያዋጣል፣ ፌዴራል መንግሥት ይደጉማል፣ የድሃ ድሃ ለተባሉት ክልሉና ወረዳው ይከፍላሉ፤ አባሉም መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ታይቶ፣ ካስፈለገ ሪፈር ተጽፎለት ወደ ሆስፒታል ያልፋል።

ይህ የቅብብል ሕግ አሜሪካኖች ማኔጅድ ኬር ከሚሉት፣ መድን ሰጪው ታካሚው የትና በምን ዋጋ እንደሚታከም አስቀድሞ በውል ከሚወስንበት ሥርዓት ጋር ይመሳሰላል፤ ልዩነቱ የሚታየው በገንዘቡ መንገድ ላይ ነው። እዚያ የውሉ ዋጋ የሐኪሙን ገቢ በቀጥታ ሲነካ፣ በወሎ ግን የመድኑ ክፍያ የሚገባው ለተቋሙ በመሆኑ፣ የመድን መታወቂያ የያዘው ገበሬ በተመላላሽ ክፍሉ ሲበዛ የሐኪሙ ድካም እንጂ ደመወዙ አይጨምርም። ውሉም በዋናነት ከመንግሥት ተቋማት ጋር ስለሆነ፣ ቀድሞ ከኪሱ ከፍሎ በግል ክሊኒክ ይታከም ከነበረው ሰው ከፊሉ ወደ ሆስፒታሉ ሲመለስ፣ ሐኪሙ ከሥራ ሰዓት ውጭ በክሊኒኩ የሚያገኘው ድጎማ ሊሳሳ ይችላል፤ መድኃኒት ጠፍቶ ታካሚው ወደ ግል ፋርማሲ ሲላክ ደግሞ የሚያተርፈው ነጋዴው ነው። በግንቦት 2017 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ ያቆሙት የጤና ባለሙያዎች፣ ከደመወዝ ጭማሪ ጋር ለራሳቸውም የሕክምና ሽፋን እንዲሰጣቸው ጠይቀዋል።