የትራክተር ሃይድሮሊክ መጋጠሚያ
የትራክተር ሃይድሮሊክ መጋጠሚያ የትራክተሩን የዘይት መስመር ከእርሻ መሣሪያው ቱቦ ጋር ያለ መፍቻ የሚያገናኝ ክፍል ነው። ሴቴው በትራክተሩ ጀርባ፣ ወንዴው በቱቦው ጫፍ ይገኛል። ሲለያዩ በውስጣቸው ያሉት ቫልቮች ዘይቱን ይዘጋሉ።

ቀድሞ አምራቾች የየራሳቸውን ቅርፅ ይጠቀሙ ነበር። ለምሳሌ የዱሮው የጆን ዲር መጋጠሚያ ዛሬ ከተለመደው የአይኤስኦ 5675 ዓይነት ጋር አይገጥምም፤ አዳፕተር ይደረግበታል ወይም ሴቴው ይለወጣል።

የመጠን መመሳሰል ብቻ አይበቃም። የአንዱ ቫልቭ ኳስ፣ የሌላው ሾጣጣ ከሆነ፣ ቢገጥሙም በሚገባ ላይከፈቱ ይችላሉ። ያን ጊዜ ዘይቱ ይሞቃል፤ የተነሣው መሣሪያም አልወርድ ሊል ይችላል።

አንድ ዓይነት የሆኑትም በቱቦው ውስጥ በቀረ ግፊት ምክንያት አልገጥም ይላሉ። መሣሪያውን መሬት አሳርፎ፣ ሞተሩን አጥፍቶ፣ የመቆጣጠሪያውን እጀታ ወዲያና ወዲህ ማንቀሳቀስ ግፊቱን ይቀንሳል።