ጃኬቷን የማታወልቀው ልጅና ሁለት የፍርድ ቤት መዝገቦች

መጀመሪያ ስጀምረው አልጨረስኩትም። እውነቱን ለመናገር ግማሹ ጋ እንኳ አልደረስኩም። አንድ ልጅ ትንሽ የቤት እንስሳ ውሃ ውስጥ ሲያሰምጥ፣ ተራኪዋ ደግሞ ነገሩን ያለ አንዳች ጩኸት፣ ልክ ስለ አየሩ እንደምታወራ አድርጋ ስትነግረኝ፣ «ኧረ ይኼን ለምን አነባለሁ?» ብዬ ስልኬን ገልብጬ አስቀመጥኩት።

መጽሐፉ በ2018 በሆላንድ የታተመ ልብ ወለድ ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የደች ርዕሱ «ዴ አቮንት ኢስ ኦንኸማክ» ነው፤ እኔ «ምሽት አይመችም» ብዬ እፈታዋለሁ። ደራሲው ያኔ ማሪከ ሉካስ ራይንፌልት ነበር የሚባለው። ዛሬ ሉካስ ራይንፌልት ነው፤ በ2022 «እሱ» ተብሎ መጠራት እንደሚፈልግ አሳውቋል። ሚሼል ሃቺሰን ወደ እንግሊዝኛ ተረጎመችው፤ በኦገስት 2020 ደራሲውና ተርጓሚዋ የዓለም አቀፉን ቡከር ሽልማት አሸንፈው 50 ሺህ ፓውንዱን እኩል ተካፈሉ። ራይንፌልት ያኔ 29 ዓመቱ ነበር። ሽልማቱን ካገኙት ደራስያን በዕድሜ ትንሹ፣ ከሆላንድም የመጀመሪያው ሆነ።

ሽልማቱ ግን ክርክሩን አልዘጋውም። መጽሐፉን ያነሱ ሰዎች ለሁለት ተከፈሉ። አንዱ ወገን «እንዲህ ያለ ቋንቋ ከየት መጣ?» ይላል። ሌላው ደግሞ «ይኼ ሁሉ ቆሻሻ፣ ይኼ ሁሉ ጭካኔ ለምን አስፈለገ? ደራሲው ምን ሆኖ ነው?» ይላል። እኔ መጀመሪያ ከሁለተኛው ወገን ነበርኩ። ሐሳቤን ያስቀየረኝ መጽሐፉ ራሱ አልነበረም። እዚያው ሆላንድ ውስጥ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት የተዘጉ ሁለት የፍርድ ቤት መዝገቦች ናቸው።

የመጀመሪያው መዝገብ የቪለም ፍሬደሪክ ሄርማንስ ነው። ሆላንድ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት ኢንዶኔዥያን በቅኝ ግዛትነት ለማቆየት ወታደር ልካ ተዋግታ ነበር፤ አልሆነላትም፤ በ1949 ለቀቀች። ሄርማንስ በ1951 ባወጣው «ሁሌም ልክ ነኝ» በሚለው ልብ ወለዱ ከዚያ ጦርነት በመርከብ የሚመለስ ሎደቫይክ ስቴግማን የሚባል ሳጅን ፈጠረ። ሰውየው ተሸንፎ የመጣ፣ የተናደደ፣ አፉን የማይገድብ ነው። በአገሩ ያሉትን ካቶሊኮች አንድ በአንድ እያነሳ ይሰድባቸዋል፤ ልጅ ይፈለፍላሉ ይላል። ካቶሊኮች በወቅቱ ብዙ ሕዝብ ነበሩ፤ ፓርቲያቸውም መንግሥት ውስጥ ነበር። አቃቤ ሕግ ደራሲውን «የሕዝብ ክፍልን በመሳደብ» ወንጀል ከሰሰው።

የሄርማንስ መከላከያ አጭር ነበር፦ የተናገረው ስቴግማን እንጂ እኔ አይደለሁም። በ1952 የአምስተርዳም ፍርድ ቤት ተቀበለውና ነጻ ለቀቀው። ዛሬ ሲሰሙት «ታዲያ ሌላ ምን ሊሆን ነበር?» ያሰኛል። ግን እስቲ እኛ ስናነብ የምናደርገውን እናስታውስ። አንድ ገጸ ባሕሪ የማንወደውን ነገር ሲናገር ስክሪንሾት አንስተን፣ የደራሲውን ስም ከሥሩ ጽፈን «እዩት እንግዲህ» የምንል ስንት ነን? የ1952ቱ ፍርድ ቤት ያስቀመጠው ድንበር ለዳኛ ቀላል ነው፤ ለአንባቢ ግን ዛሬም ከባድ ነው።

ሁለተኛው መዝገብ የኼራርት ሬቨ ነው፤ ሆላንዶች «የአህያው ክስ» ይሉታል። ሬቨ ግብረ ሰዶማዊ መሆኑን ያልደበቀ፣ በ1966 ደግሞ ካቶሊክ ሆኖ የተጠመቀ ደራሲ ነው። በ1965 እና 1966 ባሳተማቸው ጽሑፎች እግዚአብሔር የአንድ ዓመት ግራጫ ውርንጭላ ሆኖ ወደ ምድር ሲመለስና እሱም ከዚያች አህያ ጋር በፍቅር ሲተኛ በዓይነ ሕሊናው አይቶ ጻፈ። ኤስ.ጂ.ፒ. የሚባለው ጥብቅ የካልቪን ተከታዮች ፓርቲ ጉዳዩን ፓርላማ ውስጥ አነሳው። በ1932 የወጣው ስድበ እግዚአብሔርን የሚከለክል ሕግ ከመደርደሪያ ወረደ፤ ሬቨም ተከሰሰ።

እዚህ ላይ የሄርማንስ ጋሻ አይሠራም። ሬቨ የጻፈው በደብዳቤ መልክ ነው፤ «እኔ» የሚለውም ተራኪ ራሱ ሬቨ ነው። ከጀርባው የሚደበቅበት ሳጅን የለውም። ስለዚህ ፍርድ ቤት ቀርቦ ያለው ሌላ ነው፦ ይኼ ለእኔ እምነት ነው፤ አምላኬን የምወደው እንዲህ አድርጌ ነው። በዚያው ዓመት ከክሱ ተሰናበተ። እሱ ግን የወጣበት መንገድ ስላልጣመው ሙሉ ነጻነት ፈልጎ ይግባኝ አለ፤ በ1967 አገኘ። በ1968 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አጸናው፦ ሕጉ የሚቀጣው እግዚአብሔርን ለማቃለል አስቦ የጻፈን ሰው ነው፤ እዚህ ይኼ ሐሳብ አልተረጋገጠም። አገሪቱ ለሥነ ጽሑፍ የምትሰጠው ትልቁ ክብር፣ የፒ. ሴ. ሆፍት ሽልማት የ1968ቱ፣ ለዚሁ ሰው ተሰጠ። ሕጉ ራሱ በ2014 ከወንጀል ሕጉ ወጣ።

እንግዲህ ሁለት መልሶች አሉን። አንደኛው «ገጸ ባሕሪው ነው እንጂ ደራሲው አይደለም» ይላል። ሁለተኛው «ደራሲው ነው፤ ግን ለመናቅ አላሰበም» ይላል። ራይንፌልት በ2018 ሲመጣ ሁለቱም መልስ ተዘጋጅቶለት ነበር ማለት ነው። የከሰሰውም የለም። የፍርዱ ወንበር ግን ባዶ አልነበረም፤ አንባቢው ተቀምጦበት ነበር። አንባቢ ደግሞ በሕግ አንቀጽ ብቻ አይረካም።

አሁን ወደ ልጅቷ እንመለስ። ታሪኩን የምትነግረን የ10 ዓመት ልጅ ናት፤ ያስ ትባላለች። «ያስ» በደችኛ ኮት ወይም ጃኬት ማለት ነው። በእንግሊዝኛው ትርጉም ይኼ ከስሙ ላይ አይታይም እንጂ ልጅቷ ቀይ ጃኬቷን አላወልቅም ብላ የምትኖር ናት። ቤተሰቧ ጥብቅ ካልቪናዊ ነው፤ ኑሯቸው ላም ነው። ገና ሊደርስ ሲል አባቷ ጥንቸሏን የሚያደልበው ለበዓሉ ገበታ እንደሆነ ትጠረጥራለች። ታላቅ ወንድሟ ማቲስ በረዶ ላይ ሊንሸራተት ሲወጣ እሷን አይወስዳትም። በንዴትና በፍርሃት መሃል ትጸልያለች፦ ጌታ ሆይ፣ ጥንቸሌን ተውልኝና ወንድሜን ውሰደው። በረዶው ይከዳዋል። ማቲስ አይመለስም።

መጽሐፉ ሁሉ ከዚህ ጸሎት ይወጣል። እግዚአብሔር የሰጣት ብቸኛ ግልጽ መልስ ይኼ ነው፤ ለማን ትንገረው? እናቷ መብላት ታቆማለች። አባቷ ወደ በረቱ ይሸሻል። ያስ ባልዲ ውስጥ ሁለት ጉርጦች ታስቀምጣለች፤ ጉርጦቹ ከተዋሰቡ አባቷና እናቷም እንደገና ይቀራረባሉ ብላ ታምናለች። ከዚያ አፍተግር ይመጣል። ይኼ ፈጠራ አይደለም፤ በ2001 በሆላንድ በሽታውን ለመግታት ከ250 ሺህ በላይ እንስሳት ተገድለዋል። የቤቱ ላሞች ሲያልቁ አዋቂዎቹ ለላሞቹ የሚያለቅሱት ለቅሶ ለማቲስ ያላለቀሱት ነው።

እኔ ያደግሁት ለቅሶ ድንኳን ተጥሎለት፣ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ጮኾ በሚለቀስበት አገር ነው። ለዚህ ይሆናል የዚያ ቤት ዝምታ ከጭካኔው በላይ የከበደኝ። ሁለተኛ ስጀምረው የገባኝም ይኸው ነው። ልጆቹ እንስሳቱ ላይ፣ ኋላም እርስ በርሳቸው የሚያደርጉት ዘግናኝ ነገር ቋንቋቸው ነው። የሞት ቃል ስላልተሰጣቸው ሞትን በእጃቸው ይሞክሩታል። ልጅቷ የምታውቀው ሁለት መዝገበ ቃላት ብቻ ነው፤ በረቱና መጽሐፍ ቅዱሱ። ስለ ራሷም የምታስበው በእነዚሁ ነው።

ተቃውሞው ግን ባዶ አይደለም። አንዳንድ ሃያስያን ዘግናኙ ነገር ሲደጋገም ኃይሉን ያጣል ይላሉ፤ መጨረሻ አካባቢ እኔም ተሰምቶኛል። ልጅን የሚጎዳ ነገር ማንበብ አልችልም ብሎ መጽሐፉን የዘጋ ሰውም ፈሪ አይደለም። የማልቀበለው «ደራሲው ምን ሆኖ ነው?» የሚለውን ብቻ ነው። በርግጥ ራይንፌልት ራሱ በኖርት ብራባንት ገጠር በካልቪናዊ ቤተሰብ ያደገ ነው፤ ሦስት ዓመቱ እያለ የ12 ዓመት ወንድሙ በአውቶቡስ ተገጭቶ ሞቷል። ከድርሰቱ ጎን ለጎን የወተት ላም እርባታ ውስጥ ይሠራ ነበር። ቤተሰቡ መጽሐፉን ለማንበብ እንደፈራ ተናግሯል። ጋዜጠኞች ይኼን ደጋግመው ጠየቁት፤ ልብ ወለዱ የምስክርነት ቃል መሰለ። እነሆ የሄርማንስ ጥያቄ ተገልብጦ መጣ፦ ያኔ «ቃሉ ያንተ ነው» ብለው ለመቅጣት ነበር፤ አሁን «ቃሉ ያንተ ነው» ብለው ለማዘን።

ከዚህ የሚገርመኝ ሌላ ነገር አለ። በ1966 ሬቨን የተቆጣው ያ ጥብቅ የሃይማኖት ዓለም ከውጭ ሆኖ ነበር መጽሐፉን የሚያየው። ከ50 ዓመት በኋላ የዚያው ዓለም ልጅ ከውስጥ ተነስቶ ጻፈ፤ እሱም እንደ ሬቨ በአምላክና በእንስሳ ቋንቋ። ሳቅና ፌዝ የለበትም። ያስ አምላኳን አትሳደብም፤ ይልቁንም ከልክ በላይ ታምነዋለች። ያጠፋትም እሱ ነው።

«ማን ነው የሚናገረው?» የሚለው ጥያቄ ራይንፌልትን በዚህ አልተወውም። በ2020 መጨረሻ ሁለተኛ ልብ ወለዱ ወጣ፤ ተራኪው አንዲት የ14 ዓመት ልጅን የሚያጠምድ የ49 ዓመት የእንስሳት ሐኪም ነው። በ2021 መጀመሪያ ደግሞ የአማንዳ ጎርማንን ግጥም እንዲተረጉም ተመረጠ፤ ጃኒስ ደል በፎልክስክራንት ጋዜጣ ላይ ለምን ወጣት ጥቁር ሴት ባለቅኔ አልተመረጠችም ብላ ጠየቀች፤ በቀናት ውስጥ ራሱን አገለለ። በፈጠረው ሰው አፍ ስለ መናገር የተጀመረው ክርክር በሌላ ሰው አፍ ስለ መናገር ሆነ።

ሁለቱ መዝገቦች ያስተማሩኝ ነገር ቢኖር «ማን ተናገረ?» የሚለው ጥያቄ ለዳኛ እንደሚበቃና ለእኔ እንደማይበቃኝ ነው። ያስ ስለዚያ ጸሎት ለእናቷ አትነግርም፤ ለአባቷም አትነግርም፤ እነሱም አይጠይቋትም። የምትነግረው ለእኔ ነው። መጀመሪያ ጊዜ ስልኬን ገልብጬ ሳስቀምጥ እኔም እንደ ቤተሰቧ ሳልሰማት ሄድኩ።

ሁለተኛ ጊዜ እስከ መጨረሻው አዳመጥኳት። መጨረሻውን አልነግራችሁም፤ ግን ያን ማታ ብቻችሁን ባትሆኑ ጥሩ ነው።